በበሰለና በበሰበሰ መካከል

ፍራፍሬን በቤት ውስጥ በፍሪዘር ስለ ማቆየትና ስለ አጠቃቀሙ

(የዩኒየኑን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በልደታ ክፍለ ከተማ ለአርሶ አደር ተወካዮች፣ ለሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና ለሥራ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣
የተከበራችሁ የክፍለ ከተማና የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራንና ክቡራት፣



በግንቦት ልደታ ሰሞን ከጦር ኃይሎች ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ዳር በጋሪ የሚሸጥ ማንጎ ያላየ የልደታ ነዋሪ አይኖርም። ጠዋት ላይ ጠንከር ያለው ማንጎ በኪሎ ይሸጣል። ወደ ማታ ግን ፀሐይ ሲመታው የዋለው፣ ሲጫኑት ሰርጎድ የሚለው፣ ልጣጩ ላይ ነጠብጣብ የወጣበት ለብቻው ተለይቶ በመደብ በመደብ ይቀመጥና በተገኘው ዋጋ ይሰጣል። ያልተሸጠው በማግሥቱ ከቆሻሻ ጋር ይሄዳል። ሆኖም ያ ማንጎ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ምንም አልጎደለውም ነበር። እንዲያውም ጣዕሙ የተሟላው ሊጣል ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው።

በአማርኛ “በሰለ” እና “በሰበሰ” የሚሉት ቃላት ድምፃቸው ይቀራረባል። በፍራፍሬ ሥራም በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ በሙቀት ወራት ብዙ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን አያልፍም። የአርሶ አደሩ ኪሳራ፣ የቸርቻሪው ስጋትና የሸማቹ ምሬት በአመዛኙ የሚመጣው ከዚህች አጭር ጊዜ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ይህችን ጊዜ ከቀናት ወደ ወራት ማራዘም የሚቻልበትን፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ እንኳ ሊሠራ የሚችል ቀላል ዘዴ ማስረዳት ነው። ይኸውም የበሰለውን ፍራፍሬ በዕለቱ ልጦና ቆርጦ በፍሪዘር ማቆየት፣ ከዚያም በየዕለቱ ማዕድ ላይ በልዩ ልዩ መልክ መጠቀም ነው።

ችግሩ የሚጀምርበት ቦታ

ለአዲስ አበባ ሙዝና ማንጎ በብዛት ከሚያቀርቡ አካባቢዎች አንዱ አርባ ምንጭ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ከተማ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። የአሶሳ ማንጎ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ፓፓያው ከመቂና ከባቱ፣ አቮካዶው ከሲዳማ ይመጣል። ይህ ሁሉ ፍራፍሬ አንዱ በሌላው ላይ ተጭኖ፣ በሙቀት ታፍኖ፣ በየጉድጓዱ እየተናጠ ነው የሚደርሰው። ቀድሞ ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ ለልደታ ቸርቻሪ መንገዱ ይበልጥ ረዝሟል። ስለዚህ ፍራፍሬው ልደታ ሲደርስ ከዕድሜው ብዙውን መንገድ ላይ ጨርሶታል።

ብክነት የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት በዓለም ላይ ለሰው ምግብነት ከሚመረተው ውስጥ አንድ ሦስተኛው ያህል፣ ማለትም በዓመት 1.3 ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ ምግብ እንደሚጠፋ ወይም እንደሚባክን ገምቷል። በብክነት ረገድ ከፍተኛውን ድርሻ ከሚይዙት መካከልም አትክልትና ፍራፍሬ ይገኙበታል።

ጤፍና ስንዴ ጎተራ ገብተው ዋጋ ይጠብቃሉ። ቡናም በመጋዘን ይቆያል። ማንጎ ግን ዋጋ አይጠብቅም። አርሶ አደሩ ደላላው የሰጠውን ዋጋ የሚቀበለው መደራደር ስላላወቀ ሳይሆን፣ ሲደራደር ፍራፍሬው ስለሚበስልበት ነው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ መኖሩ የታወቀው ነጭ የማንጎ ተባይ ወደ ሌሎችም ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተሰራጭቷል። ተባዩ ልጣጩ ላይ ምልክት ስለሚተው ገዥ ይሸሸዋል፤ አርሶ አደሩም ውስጡ ደህና የሆነውን ማንጎ በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቁም ነገር አለ። ለፍሪዘር የሚፈለገው ገበያው የሚያሳንሰው ማንጎ ነው። ጠንካራውና ጥሬው ማንጎ በፍሪዘር ውስጥ አይበስልም፤ ቆምጣጣ እንደሆነ ይቀራል። የሚፈለገው ለስለስ ያለውና ሽታው የሚያውደው ነው። ልጣጩም ስለሚጣል ልጣጭ ላይ ብቻ ያለ ምልክት ለሸማቹ ጉዳት የለውም። ጎተራ ለእህል እንደሆነ ሁሉ፣ ፍሪዘር ለፍራፍሬ ጎተራ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ማቆየት አዲስ ነገር አይደለም

ምግብን ማቆየት ለኢትዮጵያ እናቶች አዲስ ሙያ አይደለም። ሥጋው ቋንጣ ይሆናል፣ የተረፈው እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ በርበሬው ደርቆና ተደልዞ ዓመት ይዘልቃል። የሁሉም ምሥጢር አንድ ነው፤ ምግብ የሚያበላሹ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚኖሩበትን እርጥበት ማሳጣት ወይም ሁኔታውን እንዳይመቻቸው ማድረግ ነው። በፍሪዘር ማቆየትም ከዚሁ የተለየ አይደለም። በፍራፍሬው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን ተሕዋስያኑ ሊጠቀሙበት አይችሉም፤ ፍራፍሬውን የሚያበስለውና የሚያጠቁረው የተፈጥሮ ሒደትም እጅግ ይዘገያል። ለዚህ የሚመከረው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው።

አሜሪካዊው ክላረንስ በርድስአይ በላብራዶር በነበረበት ጊዜ የአገሩ ነዋሪዎች ያጠመዱት ዓሣ በኃይለኛው ብርድ ወዲያው በረዶ ሆኖ ሲቆይና ሲበላም ጣዕሙን እንዳልለቀቀ አስተዋለ። ከዚህ ተነሥቶ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ምግብን በፍጥነት የማቀዝቀዝ ሥራን ወደ ኢንዱስትሪ አሸጋገረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለቤትም ይሠራል። ፍራፍሬው ቀስ ብሎ በረዶ ሲሆን በውስጡ የሚፈጠሩት የበረዶ ቅንጣቶች ትልልቅ ስለሚሆኑ ሲቀልጥ ይላሽቃል፤ በፍጥነት ሲሆን ግን ቅንጣቶቹ ትንንሽ ስለሆኑ መልኩንና ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ፍራፍሬው በትንሽ በትንሹ ተቆርጦና ተዘርግቶ መግባት አለበት እንጂ በክምር መታጨቅ የለበትም።

ከምግብነቱ አንጻር ሲታይ በደንብ የተያዘ በረዶ ፍራፍሬ አብዛኛውን ንጥረ ነገር ይዞ ይቆያል። ቢጫው ማንጎና ፓፓያ ለዓይንና ለሰውነት መከላከያ የሚጠቅመውን ቫይታሚን ኤ ለማግኘት ይረዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል 37 በመቶው የመቀንጨር ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። መቀንጨር በፍራፍሬ ብቻ የሚድን አይደለም። ይሁን እንጂ የሕፃኑ ሳህን ላይ የሚቀመጡት ምግቦች ዓይነት መብዛት ከመፍትሔዎቹ አንዱ መሆኑ አይካድም።

አዘገጃጀቱ ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ መምረጥ። የበሰለውን ከበሰበሰው ለዩ። ሲሸት መጣጣት የጀመረ፣ ሻጋታ የያዘ ወይም ውስጡ የጠቆረ ወደ ፍሪዘር አይገባም። ፍሪዘር ያለውን ያቆያል እንጂ የተበላሸውን አያድንም።

ሁለተኛ፣ ማጠብ። ፍራፍሬው ከመላጡ በፊት በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ሳሙና አያስፈልግም። ልጣጩ ላይ ያለው ቆሻሻ በቢላዋው አማካይነት ወደ ውስጥ እንደሚገባ መዘንጋት የለበትም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሥራውን ውኃ በሚኖርበት ቀን ማድረግ ይመረጣል። እጅ፣ ቢላዋና መክተፊያም በሳሙና መታጠብ አለባቸው። ለሥጋ የዋለ መክተፊያ ሳይታጠብ ለፍራፍሬ አይዋል።

ሦስተኛ፣ መላጥና መቁረጥ። ማንጎ፣ ፓፓያና አናናስ ተልጠው በአውራ ጣት ጫፍ መጠን ይቆረጡ። ሙዝ ተልጦ በክብ በክቡ ይቆረጥ፤ ሳይላጥ ከገባ ልጣጩ ይጠቁርና ኋላ ለመላጥ ያስቸግራል። አቮካዶ በቁራጭ ሲሆን ይላሽቃል። ስለዚህ በሹካ ተፈጭቶ፣ ለአንድ ፍሬ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል የሎሚ ጭማቂ ተጨምሮበት ይቀመጥ፤ ሎሚው እንዳይጠቁር ይረዳዋል። ሎሚና ብርቱካን በጭማቂ መልክ በበረዶ መሥሪያው ዕቃ ቢገቡ ይሻላል። ዘይቱን ፍሬው ብዙ ስለሆነ በጥቂት ውኃ ተቀቅሎና ተጠልሎ ጭማቂው ይቀመጥ።

አራተኛ፣ መዘርጋት። ቁራጮቹ ሳይነባበሩ በትሪ ላይ ተዘርግተው በፍሪዘር ውስጥ ጥቂት ሰዓታት ይቆዩ። ሲጠነክሩ ወደ ከረጢት ይገልበጡ። እንዲህ ከተደረገ አንዱ ከሌላው ስለማይጣበቅ የሚፈለገውን ያህል ብቻ ቆንጥሮ ማውጣት ይቻላል።

አምስተኛ፣ ማሸግ። ከረጢቱ ወይም ዕቃው ለምግብ የተሠራ ይሁን፤ ጥቁር ፌስታል አይሆንም። አየሩ ተጨምቆ ይውጣ። ጭማቂ የሚሞላበት ዕቃ እስከ አፉ አይሙላ፤ ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ዕቃውን ሊሰነጥቅ ይችላል። በመጨረሻም የፍራፍሬው ስምና የገባበት ቀን ይጻፍበት።

ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ በሚሠራ ፍሪዘር ማንጎ፣ ፓፓያና አናናስ ከ8 እስከ 12 ወር፣ አቮካዶ ከ4 እስከ 6 ወር፣ ሙዝ ከ2 እስከ 3 ወር ጣዕማቸውን ይዘው ይቆያሉ። በብዙ ቤት ያለው ግን በፍሪጁ በር ውስጥ ያለችው ትንሿ የበረዶ ክፍል ናት። እርሷ ብዙ ጊዜ የሚፈለገውን ቅዝቃዜ ስለማታገኝ በውስጧ ያለውን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጨረስ ይገባል።

በማዕድ ላይ

በልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት የሦስት ልጆች እናት አስቡ። በግንቦት ወር የበሰለ ማንጎ በርከት አድርጋ ገዝታ አስቀምጣለች። ነሐሴ ገብቶ ፍልሰታ ሲያዝ የማንጎው ወቅት አልፏል፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ ልጆቹ ትምህርት የለም፣ ቤት ናቸው። ያ ማንጎ በዚያ ቤት ምን ምን ሊሆን ይችላል?

ጭማቂና ስፕሪስ፦ በረዶ የሆነው ማንጎ ከጥቂት ውኃ ጋር በጁስ መፍጫ ሲፈጭ በረዶም ስኳርም ሳይጨመርበት ወፍራም ጭማቂ ይወጣዋል። በአዲስ አበባ ጭማቂ ቤቶች እንደሚደረገው አቮካዶውን ከሥር፣ ማንጎውን ከመሃል፣ ፓፓያውን ከላይ በማድረግ ስፕሪስ መሥራት ይቻላል። ሎሚ ጠብ ይደረግበታል። ይህ ለጾመኛው ከቁርስ በላይ የሚያቆይ ሲሆን፣ በረመዳን ወር ደግሞ ለማፍጠሪያ ተስማሚ ነው።

የጾም አይስክሬም፦ በረዶ የሆነ ሙዝ ብቻውን በመፍጫ ሲፈጭ መጀመሪያ ይፈረፈራል፤ መፍጫው ሲቀጥል ግን ወተት የገባበት አይስክሬም ይመስላል። ወተትም ክሬምም የለውም። የተፈጨ ኦቾሎኒ አንድ ማንኪያ ቢጨመርበት የበለጠ ይጣፍጣል። መፍጫ የሌለው ቤት ሙዙን ለጥቂት ደቂቃ ውጭ አቆይቶ በሹካ መፍጨት ይችላል።

የልጆች በረዶ፦ የተፈጨ ፓፓያ ወይም ማንጎ በትንንሽ ኩባያ ተሞልቶ፣ ንጹሕ እንጨት ተሰክቶበት ፍሪዘር ሲገባ ልጆች ከመንገድ የሚገዙትን ቀለም የገባበት በረዶ ይተካል። ውስጡ ምን እንዳለ እናቲቱ ታውቀዋለች።

ገንፎና አጃ፦ ለቁርስ በሚሠራው የአጃ ገንፎ ላይ የቀለጠ ሙዝ ወይም ማንጎ መጨመር ስኳሩን ያስቀራል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃንም የቀለጠ ማንጎ ለስልሶ ተፈጭቶ ከገንፎው ጋር ሊሰጥ ይችላል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ጭማቂ አይመከርም፤ ፍራፍሬው ራሱ ተፈጭቶ መሰጠት አለበት።

የጾም ዳቦና ኬክ፦ የቀለጠ ሙዝ በሹካ ተፈጭቶ ሊጥ ውስጥ ሲገባ እንቁላል በሌለበት ሊጡን ለማያያዝና ለማለስለስ ይረዳል። እርጥበት ስለሚጨምር የሌላውን ውኃ መጠን መቀነስ ይገባል።

ማባያ፦ የማንጎ ቁራጭ በግማሽ ሲቀልጥ ከደቀቀ ቀይ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር ተቀላቅሎ ከበያይነቱ ጎን ይቀርባል። ሚጥሚጣ የሚወድም ቆንጠር አድርጎ ይጨምርበት። የቀለጠው አቮካዶ ደግሞ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ተለውሶ በዳቦ ይበላል።

ሻይና ብርዝ፦ በረዶ የሆነው የሎሚ ጭማቂ አንድ ፍሬ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ይበቃል። የአናናስ ቁራጮች ብርዝ ውስጥ ቢገቡ እንደ በረዶም እንደ ማጣፈጫም ያገለግላሉ። በደንብ የታጠበው የአናናስ ልጣጭም ከዝንጅብል ጋር ተፈልቶና ተጠልሎ ሊጠጣ ይችላል፤ አይጣልም።

ማርማላታ፦ አንድ ኪሎ በረዶ ማንጎ ወይም ፓፓያ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳርና የሁለት ሎሚ ጭማቂ በዝግታ እሳት እየተማሰለ ይበስላል። በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብታው ሲደረግ ካልፈሰሰ ደርሷል ማለት ነው። በፈላ ውኃ በተቀቀለ ጠርሙስ ይሞላና በፍሪጅ ይቀመጣል። ስኳሩ በግማሽ የተቀነሰ በመሆኑ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መበላት አለበት።

ፍራፍሬው ሲቀልጥ የሚወጣው ውኃ ጣዕምና ንጥረ ነገር ስላለው አይደፋ፤ ጭማቂ ውስጥ ይግባ። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎችም ፍራፍሬ ስኳር ስላለው መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር እንዲመካከሩ ይመከራል።

መብራት ሲጠፋ

መብራት የሚጠፋበት ከተማ ስለ ፍሪዘር ሲነገረው “ይህ ለእኛ አይሆንም” የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ጥያቄው መልስ አለው። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ለ48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ ደግሞ ለ24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ባዶ ቦታ ካለ በውኃ በተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች መሙላት ጠቃሚ ነው፤ እነርሱም በረዶ ሆነው ቅዝቃዜውን ይጠብቃሉ። መብራት ሲጠፋ በሩን ደጋግሞ እየከፈቱ ማየት ግን ትልቁ ስሕተት ነው። በፍሪጅ በር ውስጥ ያለችው ትንሿ ክፍል ከዚህ በጣም ባነሰ ጊዜ እንደምትቀልጥ መታወቅ አለበት።

መብራቱ ሲመጣ ቁራጮቹ ውስጥ በረዶ ካለ መልሰው ሊጠነክሩ ይችላሉ፤ ጥቂት ይላሽቁ እንጂ ጉዳት የላቸውም። ቀልጠው ገና ቀዝቃዛ ከሆኑ በዕለቱ ማርማላታ ይሁኑ ወይም ይጠጡ። ሞቀው ከዋሉ ወይም ሽታቸው ከተለወጠ ግን ይጣሉ። ሸማች ብር አጠፋሁ ብሎ ጤናውን መጨመር የለበትም።

ከዚህ ጋር መዘንጋት የሌለበት ሌላ ነገር አለ። ቅዝቃዜ ተሕዋስያንን ያስተኛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ በረዶ ከሆነ የሮማን ፍሬ ጋር በተያያዘ ከ160 በላይ ሰዎች በጉበት ብግነት ኤ ተይዘዋል። ፍሬው በረዶ መሆኑ ቫይረሱን አላጠፋውም። ንጽሕና ከፍሪዘሩ በፊት መቅደም ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሒሳቡ

ነገር ሁሉ በሒሳብ ይታያል። 10 ኪሎ ማንጎ ተልጦ ፍሬው ሲወጣ የሚበላው ክፍል ከ6 እስከ 7 ኪሎ ነው። ለምሳሌ ያህል ኪሎው በ40 ብር ቢገዛ የ10 ኪሎው ዋጋ 400 ብር ይሆናል፤ 6 ኪሎ ቢገኝበትም አንዱ ኪሎ በ67 ብር ገደማ ወደ ፍሪዘር ገባ ማለት ነው። በነሐሴ ያው ማንጎ በኪሎ 80 ብር ቢሆን፣ ተልጦ ሲታይ የአንዱ ኪሎ ዋጋ ከ130 ብር ያልፋል። ትርፉ በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ሆኖም የከረጢትና የመብራት ወጪ ከዚህ ላይ መቀነስ አለበት። የዋጋው ልዩነት ጥቂት ከሆነ፣ ወይም ሙዝ እንደሚባለው ዓመቱን በሙሉ የሚገኝ ፍራፍሬ ከሆነ፣ ለማቆየት ብሎ ብዙ መግዛት አያስፈልግም። ሙዝ ወደ ፍሪዘር የሚገባው ቤት ውስጥ ሊበላሽ ሲል ነው። ፍሪዘር ለሌለው ሰውም ለዚህ ብቻ ፍሪዘር ግዙ ብሎ መምከር ትክክል አይሆንም።

ፍሪዘር የሌለውስ?

በልደታ ኮንዶሚኒየም ብቻ አይደለም የሚኖረው። በቀበሌ ቤት፣ በአንድ ክፍል የሚኖር አባል ብዙ ነው። ለእርሱ የሚሆኑ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በርካሽ የተገኘውን የበሰለ ፍራፍሬ በዕለቱ ማርማላታ ማድረግ ነው። ፍሪጅ በሌለበት ቤት የሚቀመጥ ማርማላታ ስኳሩ ከፍራፍሬው እኩል ቢሆን የተሻለ ይቆያል። ሁለተኛው በጋራ መሥራት ነው። በአንድ ግቢ ቡና የሚጣጡ፣ በአንድ ዕድር የሚረዳዱ፣ እቁብ የሚጥሉ ጎረቤቶች አንድ ሣጥን ማንጎ በጋራ ገዝተው፣ አብረው ልጠው፣ ፍሪዘር ባላት ጎረቤት ቤት ስም ጽፈው ማስቀመጥ ያቅታቸዋል ተብሎ አይታሰብም። የመብራቱን ወጪ መጋራት ግን ከመጀመሪያው በግልጽ መነጋገርን ይጠይቃል።

የሁሉም ድርሻ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/91 ከተደራጁ፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሕጉ ከታደሰ ወዲህ አምራቹንና ሸማቹን በቀጥታ የማገናኘት ዓላማ በየስብሰባው ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው መቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየንም አምራቾች ተደራጅተው ገበያ ሊፈልጉ እንደሚችሉ ያሳየ ነው። የጎደለው የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ ምርቱ ከሱቁ ወጥቶ ወጥ ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

በመሆኑም ዩኒየኑና አባል ማኅበራት ማንጎ በሚትረፈረፍበት ሰሞን የበሰለውን ከጠንካራው ለይተው፣ “ለዛሬ የሚሆን” ብለው፣ በግልጽ በተጻፈ ዝቅ ያለ ዋጋ ቢያቀርቡ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። በጆንያ ፋንታ በፕላስቲክ ሣጥን ማጓጓዝ የሚጨፈለቀውን ይቀንሳል። የሸማቾች ማኅበራት የሱቅ ሠራተኞች ከአባላት አስቀድመው ትዕዛዝ ቢሰበስቡ፣ መኪናው ልደታ ሲደርስ ፍራፍሬው ገዥ ፍለጋ ሁለት ቀን አይቆምም። የወረዳ ኃላፊዎች በበኩላቸው በእሁድ ገበያ ላይ ለማሳያ የሚሆን ቦታ፣ ንጹሕ ውኃና መብራት ቢያመቻቹ የአንድ ሰዓት ተግባራዊ ማሳያ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል።

ለአርሶ አደሩም አንድ ማሳሰቢያ አለ። ከተማው የበሰለውን ይቀበላል ማለት የበሰበሰውን ይቀበላል ማለት አይደለም። የተበላሸ ፍራፍሬ ከሣጥኑ ሥር አድርጎ የላከ ማኅበር የሚሸጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሸማቹም በፊናው ነጠብጣብ ባየ ቁጥር “ይህ የተጣለ ነው” ብሎ ዋጋ ከማራከስ ይልቅ ቆርጦ ውስጡን ማየት ይልመድ። በሁለቱ መካከል እምነት ካለ፣ በበሰለና በበሰበሰ መካከል ያለችው ሁለት ቀን ለሁለቱም ትበቃለች።

ክቡራንና ክቡራት፣

አባቶች “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ” ይላሉ። አንድ አርሶ አደር ከጓሮው የተትረፈረፈውን ማንጎ ብቻውን ሊሸከመው አይችልም፤ በእጁ ላይ ይበሰብስበታል። ያው ማንጎ ሃምሳ ቤት ሲገባ፣ በሃምሳ ወጥ ቤት ሲላጥና ሲቆረጥ፣ በነሐሴ ዝናብ የልጆች ደስታ ይሆናል። ማኅበር የተቋቋመውም ሸክሙን ለሃምሳ ለማካፈል ነውና፣ በመጪው ግንቦት ልደታ ከጋሪው ላይ በመደብ የተለየው ማንጎ ሲታይ “ይህ ለፍሪዘር ይሆናል” የሚል አባል እንዲበዛ ሁሉም የድርሻውን ይወጣ።

መልካም የምሥረታ በዓል!